ከመልስ በኋላ ይነገራት

ኤቢሴ ወንድሟ መሞቱን ያወቀችው ከአክስቷ ነጠላ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር፤ ለሠርጓ ስምንት ቀን ቀርቷል። ሰበታ፣ ከጅማ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለው የአባቷ ግቢ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የጥሪ ካርድ ላይ የሰው ስም ትጽፋለች። የግቢው በር ቆርቆሮ በአንድ በኩል ዝጎ ተበልቷል። በረንዳው ላይ የተቀመጠ ሰው በዚያ ቀዳዳ ውጭውን ያያል፤ ውጭ የቆመ ግን ውስጡን አያይም። አንድ ባጃጅ መጥቶ ቆመ፤ አክስቷ እልፍነሽ ወረደች። እልፍነሽ የአባቷ የኦቦ ጃራ እህት ናት። ከባሏ ጋር የምትኖረው መናገሻ፣ የዘመዶቻቸው መቃብር ካለበት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው።

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር። ጥለቱ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን ነው፤ ለቀብርና ለለቅሶ ቤት ጥለቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ለደስታ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ አይስተውም።

እልፍነሽ ለባጃጁ ከፈለች። እጇን ወደ በሩ ዘረጋች፤ ከዚያ አንድ ነገር የነከሳት ይመስል ወደ ኋላ አለች። ደረቷን አየች። ግራ ቀኟን አየች። ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀምጣ ነጠላዋን አወለቀች፤ ገልብጣ፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ ለበሰችው፤ በጫፉ ፊቷን አበሰች። ጉሮሮዋን ጠራረገች። ከዚያ በሩን ገፋ አድርጋ እልል እያለች ገባች።

ኤቢሴ ተነሥታ አክስቷን ሳመች። የአክስቷ ጉንጭ ጨው ጨው ይላል።

“ሁሉ ሰላም ነው መናገሻ?” አለቻት። “ጎረቤቱስ?”

“ሁሉም ደኅና ነው፤ ተመስገን። ማንም ክፉ የነካው የለም።”

ነገሩን የጨረሰው ይህ መልስ ነው። እልፍነሽ ጎረቤት ሞቶ ነበር፣ ከለቅሶ ነው የመጣሁት ብትል ኖሮ፣ ኤቢሴ ነፍስ ይማር ብላ ወደ ካርዷ ትመለስ ነበር። የሩቅ ሰው የሞተበት ለቅሶውን አይደብቅም። የሚደበቀው የቅርብ ሰው ነው። አባቷ ጓሮ አጥር ሲያጠባብቅ ይሰማታል፤ እናቷ ማድ ቤት ናት። ከቤተሰቡ እዚህ የሌለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ኤቢሴ ተመልሳ ተቀመጠች። የሚቀጥለውን ካርድ አነሣች፤ “ለክቡር አቶ መልከጼዴቅ እና ቤተሰቡ” ብላ ጻፈች። አንድም ፊደል አላጋደለም። ይህንን በኋላ ደጋግማ አስባዋለች።

ገመቺስ ታላቋ ነው፤ በሁለት ዓመት ይበልጣታል። አፋር ውስጥ በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ ገልባጭ መኪና ይነዳል። በዚያ ሳምንት ሰኞ ብትደውልለት አላነሣም። ማክሰኞ ጠዋት ከስልኩ መልእክት መጣላት፤ “ኔትወርክ የለም። ለሠርግሽ እደርሳለሁ። ወንድምሽ ገመቺስ።” ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሁለቱም ትምህርት ቤት በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ስለ ተማሩ እርስ በርስ የሚጻጻፉት በኦሮምኛ ነው። አማርኛውን እንደማንኛውም ሰበታ ያደገ ሰው ይናገሩታል እንጂ ገመቺስ በአማርኛ ጽፎላት አያውቅም። “ወንድምሽ” ብሎ መፈረም ደግሞ ጭራሽ የእሱ ወግ አይደለም። ያኔ ግን፣ እሱ መኪና ላይ ሆኖ ጓደኛው ጽፎለት ይሆናል ብላ አለፈችው። ረቡዕም፣ ዓርብም እንዲሁ በአማርኛ መጣ። እንዲሁ አለፈችው።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ካርዱን ጨርሳ፣ አንድ ጥያቄ ላከችለት።

ጥያቄው ሱሉልታ ላይ የተጀመረ ነበር። ገመቺስ ከሥራ ሲመለስ የሚያርፍበት፣ ሱሉልታ የተከራየው አንድ ክፍል አለው። ፋሲካ በዋለ በማግሥቱ እዚያ ሄዳ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ማርገዟን ነገረችው። ከእጮኛዋ ከሌንጮ በቀር ለማንም አልተናገረችም ነበር። ይቆጣኛል ብላ ጠብቃ ነበር። ገመቺስ ግን ጣሪያውን ትንሽ አየና፣ የሠርጉ ዕለት በሩ ላይ የሚቆመው እሱ እንደሆነ አስታወሳት። የሙሽራዋ ወገን በሩን ዘግቶ ሠርገኛውን አናስገባም ማለት፣ ሙሽራውም ሽቶ እጅ መንሻ ሰጥቶ መግባት የቆየ ልማድ ነው፤ በሩን የሚይዘውም ወንድም ነው።

“በአንድ ሽቶ አላስገባውም” አለ። “የሚወስደው ሁለት ሰው ነው፤ ሁለት ሽቶ ያምጣ። ዛሬውኑ ደውዬ እነግረዋለሁ።”

እንግዲህ ያን ቅዳሜ በኦሮምኛ የላከችለት ጥያቄ፣ ሌንጮን በር ላይ ስንት ሽቶ ነው የምትቀበለው የሚል ነበር። ገመቺስ ቢሆን ስልኩ ገና ከእጇ ሳይወርድ “ሁለት” ይላታል። መልሱ ግን የመጣው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው፤ “ደኅና ነኝ እህቴ። አይዞሽ። በርቺ።”

የጻፈው ሰው ጥያቄዋን ማንበብ አልቻለም ማለት ነው። ከዘመዶቿ መካከል ኦሮምኛ እንደ ውሃ እየፈሰሰለት ቁቤ የማያነብ፣ ስልክ ላይ መጻፍ ግን የሚችል፣ አንድ ሰው ታውቃለች። የእልፍነሽ ባል ጋሽ ሀብተወልድ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሰዓት ተቆጣጣሪ ነበር። የተማረው በአማርኛ ነው፤ ቁቤ ሲያይ ጉንዳን የተሰለፈ ይመስለኛል ይላል። ኤቢሴ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ በአመልካች ጣቱ አንድ አንድ ፊደል እየፈለገ “አይዞሽ” ብሎ ሲጽፍ ታያት። ስልኩ እሱ ዘንድ ከሆነ፣ ስልኩ ከባለቤቱ ጋር ከአፋር መጥቷል።

ትንሽ ቆየችና መለሰችለት፤ “እሺ። በሰላም ና።” እሱ እንዲያነበው ብላ በአማርኛ ጻፈችው።

ከዚያ ቀኖቹን መልሳ ቆጠረች። አባቷ ማክሰኞ ለሠርጉ በሬ ልግዛ ብሎ መናገሻ ሄዶ፣ እዚያው አድሮ፣ ረቡዕ ማታ ባዶ እጁን ነበር የመጣው። ዋጋው አልተስማማኝም ብሎ ነበር። ረቡዕ እሷና እናቷ ጌሾ ሲወቅጡ ዋሉ። እናቷ ጠጅቱ ዘነዘናውን ለማንም አልሰጥም ብላ፣ ከጠዋት አንሥታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻዋን ወቀጠች። መዳፏ ውሃ እስኪቋጥር ድረስ። ኤቢሴ አጠገቧ ሆና ቅጠሉን ታቀብላት ነበር። እኔ ጌሾ ሳቀብል ነው አፈር የገባው፣ አለች በልቧ። የጠበቀችው እንባ ግን አልመጣም። ደረቷ ውስጥ ሰው ለቆት የሄደ ክፍል ያለ መሰላት።

ለምን አልጠየቀችም? ይህንን እሷም ራሷን ጠይቃዋለች።

ሠርጉ መጀመሪያ የታሰበው ለጥር ነበር። የሌንጮ አያት አረፉና ተላለፈ። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። አሁን ግንቦት ነው። አሁን ቢተላለፍ አርባው ሳይወጣ የሰኔ ጾም ይገባል፤ ከሰኔ በኋላ ክረምት ነው፣ ከክረምት በኋላ ደግሞ የሚያድገው ሆዷ ነው። ሦስት ወር ሊሞላት ጥቂት ቀን ቀርቷታል። ቀሚሱ ወገቡ ላይ እንዲሰፋ ለሰፊዋ ስትነግራት “ስበላ እየወፈርኩ ነው” ብላ ነው። አባቷ የቤተ ክርስቲያኑ ሰበካ ጉባኤ አባል ነው፤ ዓለም ገናም ሆነ ፉሪ የማያውቀው የለም። የቤተሰቡ ሽማግሌዎችም የደበቋት ለደኅና ነው፤ ሙሽራ በለቅሶ አትዳርም፣ ድግስ አይበተንም፣ ከመልስ በኋላ ይነገራት ብለው ነው። ይህን ሲሉ አልሰማቻቸውም፤ ግን ሌላ ምን ይላሉ።

ኤቢሴ ዝም ያልኩት ለእናቴ ነው አለች። ጠጅቱ ደም ግፊት አለባት፤ እንደኔው ከእሷም ተደብቋል፣ እኔ ከጮኽኩ እሷ ትወድቃለች። ይህ ውሸት አልነበረም። ሙሉው እውነት ግን አልነበረም፤ ይህንንም ታውቀዋለች።

ሳምንቱ ሄደ። ኦቦ ጃራ ጢሙን በሳምንት አንዴ፣ ለእሑድ ብቻ ይላጭ የነበረ ሰው፣ በየጠዋቱ ይላጭ ጀመር። ልጅ የሞተበት አባት ጢሙን ያሳድጋል። እሱ ግን ጓሮ ቆሞ፣ መስታወቱን ቧንቧው ላይ አስደግፎ፣ ጉንጩን በግራ እጁ ወጥሮ፣ አንዲት ፀጉር ሳይተው ይላጫል። አንድ ጠዋት አገጩን ቆርጦት ደሙ እስከ ኮሌታው ወረደ። ኤቢሴ ሶፍት ስታቀብለው ቀና ብሎ ሳያያት ተቀበላት። “የሙሽራ አባት አምሮበት መታየት አለበት” አለ። እሷም አምሮብሃል አለችው።

ረቡዕ ሌላ መልእክት መጣ። እናቷ በረንዳው ላይ ምስር ስትለቅም ነበር። ኤቢሴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላት።

“ገመቺስ ቅዳሜ እመጣለሁ ይላል።”

“ይምጣ” አለች ጠጅቱ፤ ጠጠር አውጥታ ወረወረች፤ መልቀሟን ቀጠለች።

ኤቢሴ እናቷ ከዚያ በላይ ባለመጠየቋ ዕድለኛ ነኝ አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን፣ በላ ወይ፣ ጠጣ ወይ፣ ድምፁ እንዴት ነው ብላ ታደክማት ነበር። ድግሱ አባክኗት ነው ብላ አለፈችው።

እሑድ ደረሰ። ጠዋት ሚዜዎቿ ሲያለባብሷት ስልኳ ጮኸ። “መንገድ ተዘግቶ አዋሽ ላይ ቀርቻለሁ። ይቅርታ እህቴ። ተደሰቺ።” ክፍሉ ውስጥ እልፍነሽ አለች፣ ሁለት የአጎት ልጆች አሉ፣ ጎረቤታቸው ፈቲያ ለሂና መጥታለች። ኤቢሴ መልእክቱን ለሁሉም አነበበች። እልፍነሽ አጎንብሳ ወለሉ ላይ መርፌ ትፈልግ ጀመር። የአጎት ልጆቹም ወለል ወለሉን አዩ። ልታስቃቸው የሚገባት እሷ ራሷ እንደሆነች ኤቢሴ ገባት።

“ይኼን ልጅ ሲመጣ አሳየዋለሁ” አለች።

አንዷ ከሚገባው በላይ ሳቀች። ስለ ነገሩ ምንም የማታውቀው ፈቲያ ብቻ ናት በልኩ የሳቀችው።

ሙሽራው ከቡራዩ ሲደርስ በሩ ላይ የቆመው ጋሽ ሀብተወልድ ነበር። ልጃገረዶቹ እየጨፈሩ በሩን ከጀርባው ደግፈዋል። ኤቢሴ ውስጥ ተቀምጣ በመስኮት ታያለች። ሌንጮ አንድ ሽቶ ዘረጋ፤ ሀብተወልድ ፈጥኖ ተቀበለና ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

“ጋሽ ሀብቴ!” አለች አንዷ። “ለጉቦ እንኳ እንዲህ ርካሽ ነዎት እንዴ? ይከራከሩ እንጂ!”

“ሰዓት አልፏል” አለ ሀብተወልድ። “ፋብሪካ ቢሆን ደመወዙን እቆርጠው ነበር፤ ግባ ልጄ፣ ግባ።”

ሰው ሁሉ ሳቀ። በሩ ተከፈተ። ጠጅቱ ከማድ ቤት ብቅ ብላ እልል አለች። ሦስት ጊዜ ነው፤ ሦስተኛው ረጅም ነበር፤ ውጭ መንገድ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው እስኪያዩ ድረስ። ኤቢሴ ያን ጊዜ፣ ምስኪን እናቴ ምንም አታውቅም፣ አለች። ከዚያ ተነሣች፤ ትከሻዋ ሙዚቃውን ሰምቶ በራሱ ጊዜ ይንቀሳቀስ ነበር። በቪዲዮው ላይ ጥርሷ ይታያል።

መኪናው ውስጥ፣ ሚዜው በመስኮት ለሰው እጁን ሲያወዛውዝ፣ ሌንጮ ከውስጥ ኪሱ ሌላ ሽቶ አውጥቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት።

“ሁለት ነበር የተባልኩት” አለ።

ፊቱን አላዞረም። ኤቢሴ ዕቃውን በመዳፏ ሸፈነችው። የሚያውቅ ሰው ድምፅ ነበር። አዎ አለችው፤ ከዚያ ሁለቱም ወደ ፊት፣ ወደ መንገዱ አዩ።

ማክሰኞ መልስ ተጠራ። ሰበታ ሄደው በሉ፣ ተመረቁ፣ ዶሮው ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሡ። ኦቦ ጃራ የዚያን ዕለትም ተላጭቶ ነበር። ማታ ወደ ቡራዩ፣ ሌንጮ ወደ ተከራየው ሁለት ክፍል ቤት ተመለሱ። ሌንጮ ባል ከሆነ ጀምሮ ለስላሳ ሆኗል፤ ሳትጠይቀው ውሃ ያቀርብላታል፣ ስልኳን ቻርጅ ላድርግልሽ ብሎ ይወስድና ሲመልሰው ፌስቡኩ ጠፍቷል። የነፍስ ይማር ጽሑፍ እንዳታይ መሆኑ ገብቷት፣ የት ሄደ ብላ አልጠየቀችም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም አንዱን ነገር ያውቃሉ፤ ራት ሲበሉ ስለ መጋረጃ ቀለም ያወራሉ። ኤቢሴ አረንጓዴ ይሻላል አለች። ሌንጮም አረንጓዴ ጥሩ ነው አለ።

ከመልስ በኋላ ያሉትን ቀናት እየጠበቀች አሳለፈቻቸው። መርዶ የሚነገረው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ስለዚህ ረቡዕም ሐሙስም በዚያ ሰዓት ነቅታ፣ ልብሷን ለብሳ፣ ጋቢዋን ተከናንባ ተኛች። የምትፈራው ሞቱን መስማት አልነበረም። የምትፈራው ሲነግሯት እንባ ብታጣስ የሚለውን ነበር። ሰው ያያል። ያወቀች መሆኗን የሚያጋልጥባት የገዛ ዓይኗ ነው።

ዓርብ መጡ። ብዙ እግር ነው፤ ግን አንድም የሚያወራ የለም። ሌንጮ አስቀድሞ ተነሥቶ በሩን ከፍቷል። ጋሽ ሀብተወልድ ከፊት ነው፤ ከኋላው እልፍነሽ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፤ አሁን የምትደብቀው የለም። የሌንጮ እናትና የአካባቢው ሴቶች ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ሁለት ሴቶች ኤቢሴን ከግራና ከቀኝ ተጠግተው ተቀመጡ፤ ስትወድቅ ሊይዟት።

“ልጄ፣ ገመቺስን እግዚአብሔር ወሰደው” አለ ሀብተወልድ። “መኪናው ተገልብጦ ነው። ቀብረነዋል።”

ኤቢሴ ጮኸች። ጩኸቱ በደንብ ወጣ፤ ከቤቱ አልፎ ጎረቤት ውሻ አስጮኸ። እሷ ግን የሌላ ሰው ጩኸት እንደምትሰማ ነበር የሰማችው። ደረቷን መታች፤ ሴቶቹ እጇን ያዙ። እንባ አልመጣም። አጠገቧ ያለችው ሴት ፊቷን አየችና ለሌላዋ፣ ደንግጣ ነው፣ መንገድ ላይ ይመጣላታል አለች። ሀብተወልድ ሲወጣ፣ የገመቺስን ስልክ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ትቶላት ሄደ። ለምን እሱ ዘንድ እንደነበረ አልተናገረም። እሷም አልጠየቀችውም።

ከቡራዩ እስከ ሰበታ ሚኒባሱ ውስጥ ሴቶቹ አለቀሱ። ሌንጮ እጇን ይዟታል። ሳይነግራት በመቅረቱ ይቅርታ ጠየቃት፤ ሽማግሌዎች አስምለውት እንደነበር፣ ሽቶውን ሲሰጣት ልቡ ሊፈነዳ እንደነበር ነገራት። አንተ ምን ታደርግ አለችው። እኔም አውቅ ነበር ለማለት አንድ ጊዜ አፏን ከፈተች፤ ሚኒባሱ ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ተመልሶ ተዘጋ።

ግቢው ውስጥ ድንኳኑ ቆሟል። የሠርጉ ድንኳን ነው፤ የዕድሩ ንብረት ስለሆነ ለሁለቱም ያገለግላል። ቋሚዎቹን ሲተክሉ አዲስ ጉድጓድ አልቆፈሩም፤ በእሑዱ ጉድጓድ ነው የተከሉት። ከአጥሩ ሥር የተጠረገ ባለቀለም ወረቀት አለ። የዕድሩ ዳኛ፣ ሰው ተቀብሮ ዕድር ያልሰማበት ጊዜ ይኼ የመጀመሪያው ነው ብሎ አኩርፎ ነበር፤ ኦቦ ጃራ በዘጠኝ ሰው ልጄን ቀበርኩ፣ አጠፋሁ፣ ቅጡኝ ብሎ ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ዳኛው አቀፈው። ጃራ የሦስት ቀን ጢም አብቅሏል። ነጭ ነው። ኤቢሴ የአባቷ ጢም ነጭ መሆኑን አታውቅም ነበር።

እናቷን ያገኘቻት ጓዳ ውስጥ ነው። ለቅሶው አድክሟታል ብለው ሴቶቹ ለትንሽ ጊዜ ጋደም አድርገዋታል። ኤቢሴን ስታያት ተነሥታ ተቀመጠች፤ ሌሎቹን ውጡልኝ አለቻቸው። ወጡ።

ኤቢሴ እንደ ልማዱ ወገቧን በነጠላ ጠፍራ ታጥቃ ነበር። ጠጅቱ አልሳመቻትም፤ መጀመሪያ ያደረገችው እጇን ዘርግታ ያንን መፍታት ነው። ቋጠሮው ጠብቆ ነበርና ትንሽ ታገላት። ፈታችው፤ አጥፋ ጎኗ አስቀመጠችው።

“አታጥብቂበት” አለች። “ብቻሽን አይደለሽም።”

ኤቢሴ እናቷን አየቻት።

“ገመቺስ ነው የነገረኝ” አለች ጠጅቱ። “ለመጨረሻ ጊዜ ሲሄድ። አትቆጫት አለኝ። አባትሽ አያውቅም።”

ውጭ አንዲት አልቃሽ የገመቺስን ቁመትና ትከሻ እያነሣች ታወርዳለች፤ ሴቶቹ ይቀበሏታል። ጠጅቱ እስኪያልፍ ጠበቀች። ከዚያ የቀረውን ድምፅዋን ሳታነሣ ነገረቻት። ሰኞ ማታ ጃራ ወሬውን ሲነግራት፣ ሠርጉ ይቅር ብሎ ነበር። ሽማግሌዎቹም ይቅር ብለው ነበር። ሠርጉ አይቀርም ያለችው እሷ ናት። ምክንያቱን ልትነግራቸው ስለማትችል፣ የልጄ ድግስ አይበተንም ብላ ብቻ ድርቅ አለች። ልበ ደንዳና አሏት። ባሏ እስከ አሁንም በደንብ አያናግራትም።

“ቀብር አልሄድሽም” አለች ኤቢሴ።

“ሁለታችንም ብንጠፋ ትጠረጥሪ ነበር። አንዳችን አንቺ ዘንድ መቅረት ነበረብን።” ጠጅቱ መዳፏን ገልብጣ አየችው። “በስድስት ሰዓት ነው ያሉኝ። ስድስት ሰዓት ሲሆን የምይዘው ነገር ፈለግኩ።”

ዘነዘናው። ውሃ ቋጥሮ የነበረው መዳፏ ደርቆ ቆዳው ተልጧል።

“እልልታውም እንደዚያው ነው” አለች። “እልል ስል፣ አሁን አንቺን እያየሁ ነው፣ እሱን አላይም አልኩ። ልጇን በቀበረች በአሥራ አንደኛው ቀን እልል ያለች እናት ብለው ያወሩብኝ ይሆናል። ያውሩ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። አንቺ አላወቅሽም አይደል? በሠርግሽ ቀን አላወቅሽም?”

ኤቢሴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትፈልገው የነበረው ይህ ነበር፤ ከእናቷ ጋር ጓዳ ተቀምጦ፣ አውቅ ነበር ብሎ፣ አብሮ ማልቀስ። አሁን በሩ ተዘግቷል፣ የሚሰማም የለም፤ መናገር ነው። ነገር ግን አውቅ ነበር ካለች፣ ያ ሁሉ ጌሾ ለማን ተወቀጠ? ያ እልልታ ለማን ተባለ? እናቷ ከልጇ ቀብር የቀረችው እሷ እንዳታውቅ ነው። በእጇ የቀራት ይኸው ብቻ ነው።

“አላወቅኩም፣ እማዬ” አለች።

“እውነትሽን ነው?”

“ዛሬ ሲነግሩኝ ነው የሰማሁት። በሠርጌ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ቪዲዮውን ስታዪ ታዪዋለሽ።”

ጠጅቱ ራሷን ነቀነቀች። ትከሻዋ ትንሽ ወረደ፤ ረጅም መንገድ ዕቃ ተሸክሞ መጥቶ እንዳወረደ ሰው።

“ተመስገን” አለች። “እሱም ይኼንን ነበር የፈለገው።”

ከውጭ፣ ሙሽራዋ እንባዋ መጣ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የሴት ድምፅ ተሰማ። ሌላዋ፣ እናቷ ጋ ናት፣ አሁን ይወጣላታል አለቻት። ኤቢሴ የእናቷን እጅ ወስዳ፣ የተላጠውን ቆዳ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፤ ሸካራ ነው። ሁለቱም አላለቀሱም። አልቃሿ አዲስ ግጥም እስክትጀምር እንደዚያው ተቀመጡ፤ ከዚያ ጠጅቱ የታጠፈውን ነጠላ አንሥታ ለልጇ አዘቅዝቃ አለበሰቻት፤ ወገቧን ለቀቅ አድርጋ፤ ተያይዘው ወደ ድንኳኑ ወጡ።